ሰፈሩ መንገድ ሲዘጋ እግረኛው እንዳይዘጋበት፦ ለድሬዳዋ ሰፈሮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ድሬ ላይ የሰፈር መንገድ ይዘጋ አይዘጋ የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። ዋናው አስፋልት ሲጨናነቅ ባጃጁ አቋራጭ ፍለጋ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መንገድ የባጃጅ መሮጫ ይሆናል። ሌሊት ደግሞ አንዱ ቤት ልብስ ከገመድ ላይ ይነሳል፣ ሌላው ቤት የውሃ ቆጣሪ ተፈቶ ያድራል። ከዚያ አንድ ማታ ሱቅ በር ላይ አንዱ ይነሳና "ለምን በር አሰርተን አንዘጋውም?" ይላል። "በቃ ይዘጋ!" ይባላል። መዋጮ ይጀመራል።

በማግስቱ ሌላ ወሬ ይመጣል። ከላይኛው ሰፈር ሽንኩርትና ጎመን ተሸክመው በዚያች መንገድ ወደ ቀፊራ ገበያ የሚወርዱት እናቶች "እኛስ በየት ልንሄድ ነው?" ይላሉ። ተማሪዎች አሉ። ለሶላት የሚያቋርጡ አሉ። ለእነሱ ያቺ ቀጭን መንገድ አቋራጭ ሳትሆን ዋናዋ መንገድ ናት።

እኔ መንገድ መዝጋትን አልቃወምም። ለመኪናና ለባጃጅ መዝጋት ብዙ ጊዜ ሰፈርን ያሳርፋል። ለእግር መዝጋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በደንብ የታሰበበት ሲሆን አይቼ አላውቅም። ችግሩ ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ማታ፣ በአንድ በር መወሰናቸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሁለቱን ለይቶ ለመወሰን ነው።

አንድ፦ ከመከራከር በፊት ቁጠሩ

"እዚህ መንገድ ማንም አያልፍም" የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ነው። ስለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ጥላ ያለበት ቦታ ተቀመጡ። የሰፈሩ ሁለት ተማሪዎች ቢሠሩት በቂ ነው።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጠዋት ከ12:30 እስከ 2:00፣ ቀን 6:00 ላይ ተማሪ ሲለቀቅ፣ ማታ ከ11:00 እስከ 1:30 ቁጠሩ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቁጠሩ። በዚያ ሙቀት ድሬ ውስጥ የትኛውም መንገድ ባዶ ነው፤ ያንን ባዶ ወረቀት ይዞ ስብሰባ ላይ የሚነሳ ሰው ግን አይጠፋም። አንድ ተራ የሥራ ቀን፣ አንድ ዓርብ፣ አንድ እሑድ ያዙ። ዓርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የሚያልፈው ሰው በሌላው ቀን አይታይም።

ደብተሩ ላይ እግረኛውን፣ ሸክም ያለበትን፣ ምርኩዝ ወይም ዊልቸር የያዘውን፣ አህያና ጋሪውን፣ ሞተሩን፣ ባጃጁንና መኪናውን ለየብቻ አስፍሩ። ከአሥር ሰው አንዱን "ከየት ወደ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ባጃጅ ነጂውንም ጠይቁ። ግማሹ ሰፈራችሁ ውስጥ ደንበኛ የሚያወርድ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የአቋራጭ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ መንገዱ ቢዘጋ ሰው ስንት ሜትር እንደሚዞር በጉግል ማፕ ለኩ። ዙሪያው 600 ሜትር ከሆነ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ምሳ ቤቱ የሚበላ ተማሪ በቀን አራት ጊዜ ይመላለሳል። ያ 36 ደቂቃ ነው፤ ግማሹም በቀትር ፀሐይ።

እዚህ ላይ ሰፈር ከሰፈር ይለያል። የከዚራ ሰፈር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ በቀጥታ መስመር የተነጠፈ ነው። አንዱ ቢዘጋ ጎኑ ሌላ፣ ያውም የዛፍ ጥላ ያለበት መንገድ ይገኛል። መጋላ ሰፈር ውስጥ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። አንድ መተላለፊያ ሲዘጋ ዙሪያው ሩቅ ነው። ከዚራ ላይ የሠራው ሐሳብ መጋላ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ሁለት፦ መንገዱ የማን እንደሆነ በወረቀት ያዙ

ክርክር ሲሞቅ "ይቺ መንገድ እኮ የአባቴ ግቢ ነበረች" የሚል ይነሳል። በቃል አትመልሱለት፤ ወረቀት አምጡ።

ቀላሉ ማስረጃ ቤታችሁ ነው ያለው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁ ላይ አዋሳኞቻችሁ በአራቱም አቅጣጫ ተጽፈዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች ካርታ ላይ በዚያ በኩል "መንገድ" የሚል ካለ ኮፒ ሰብስቡ። አራት አምስት ቤት አንድ ዓይነት ነገር ሲል መንገዱ መንገድ መሆኑ ከሞላ ጎደል አለቀ። ካርታ የሌላቸው ቤቶች ካሉ ደግሞ የድሮ ፎቶዎችና የሰፈሩ አንጋፋዎች በፊርማ የሰጡት ቃል ይረዳሉ።

ቀጥላችሁ የከተማውን ፕላን ወደሚይዘው ቢሮ ሂዱ። የቢሮው ስም በየጊዜው ስለሚቀየር ቀበሌ ጠይቃችሁ ተነሱ። የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ መዋቅራዊ ፕላኑ (የከተማው አጠቃላይ ፕላን) ላይ መንገዳችን አለ ወይ? የአካባቢ ልማት ዕቅድ ከተሠራ በስንት ሜትር ስፋት ተይዟል? በቃል "አለ" ቢሏችሁ አትበቃም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ ለጠየቀ ሰው መንግሥታዊ አካል በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል። ማመልከቻችሁ ላይ አዋጁን ጥቀሱት። ሲጠቀስ ደብዳቤው ፈጠን ይላል።

ሕጉ ራሱ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1446 መንገዶችን ከሕዝብ ንብረት ይመድባቸዋል። በቁጥር 1455 ደግሞ እንዲህ ያለ ንብረት በይርጋ የግል እንደማይሆን ይደነግጋል። "ሃያ ዓመት አጥሬዋለሁ" ማለት የሕዝብን መንገድ የግል አያደርገውም። ይህ ለሁለቱም ወገን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ተስማምቶ ቢፈርምም መንገዱ የሰፈሩ የግል አይሆንም፤ ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ በር ማቆም አይቻልም ማለት ነው።

የሐረር አንባቢዎች፣ የእናንተ ጉዳይ አንድ ደረጃ ይጨምራል። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ጠባቦቹ መተላለፊያዎችም የቅርሱ አካል ናቸው። እዚያ ውስጥ በር ለማቆም ያሰበ ሰው ከቀበሌ በፊት የቅርስ ጉዳይ ቢሮ ደጅ ይጥና። ጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ እንኳን ማለፊያ ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ለሰው መከልከል ይከብዳል።

ሦስት፦ በሽታው ምን እንደሆነ ለዩ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ችግሩ ፍጥነት ከሆነ መፍትሔው ጉብታ ነው። ችግሩ ሌብነት ከሆነ መብራትና የሌሊት ሮንድ ነው። ችግሩ ተራ ይዘው የሚቆሙ ባጃጆች ከሆኑ ከማኅበራቸው ተራ አስከባሪ ጋር መነጋገር ነው። በር የሚመጣው እነዚህ ተሞክረው ካልሠሩ ነው። መዋጮው ለበር ከመውጣቱ በፊት ሁለት አምፖል ተሰቅሎ አንድ ወር ይታይ።

አራት፦ ስብሰባው

ድሬ ውስጥ ስብሰባ መጥራት ቀላል ነው፤ ከባዱ ሰዓት መምረጥ ነው። ቀትር ላይ ማንም አይመጣም። ወዲያው ከቀትር በኋላ የሚመጣው ደግሞ የጫት ምርቃና ላይ ስለሆነ ሐሳቡ አያልቅም። እሑድ ከቀኑ 10:30 አካባቢ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ጥሩ ነው። ብርሃን ሳይጠፋ ሁሉም ወጥቶ መንገዱን ማየት ይችላል። ማየት አለበትም።

ማስታወቂያውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ለጥፉ። የሚለጠፈው የሰፈራችሁ ሱቅ ላይ ብቻ አይሁን። መንገዱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ጫፍ ላይም ይለጠፍ፤ የሚያልፈው ሰው እዚያ ነው የሚያነበው። የእድሩን ዳኛና አፎቻ (እንደ እድር ያለ መረዳጃ ማኅበር) ካለ የአፎቻውን ሰብሳቢ ጥሩ። የመስጊዱን ኢማም፣ የቤተ ክርስቲያኑን አባት፣ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህርም አትርሱ። ከላይኛው ሰፈር ቢያንስ ሦስት ሰው ይኑር፤ ከሦስቱ አንዷ በጀርባዋ ወይም በራሷ ሸክም የምታልፍ ሴት ትሁን። እሷ በሌለችበት የተወሰነ ውሳኔ በማግስቱ ጠዋት እሷ ስታልፍ ይፈርሳል።

ስብሰባው ላይ ከሚነሱት ውስጥ ጠንካራው ይህ ነው፦

"አቦ፣ ሌባው እኮ በእግሩ ነው የሚመጣው! ለእግረኛ ክፍት ትታችሁ ለመኪና ብትዘጉ ምን ዋጋ አለው?"

ሰውየው እውነት አለው፤ አትሳቁበት። መልሱ ግን አለ። ሲሊንደርና ቴሌቪዥን የሚያወጣ ሌባ ጥግ ላይ የሚጠብቀው ባጃጅ ይፈልጋል። ያንን ስትከለክሉት ሥራው ይከብዳል። ሰው የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ዓይን አለው። ጫፉ የተዘጋ፣ ማንም የማያልፍበት መተላለፊያ ግን ማታ ማታ የማን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላው "ያኛው ሰፈር ምን አገባው?" የሚለው ነው። ሰብሳቢው እዚህ ላይ ቶሎ መግባት አለበት። ነገሩ ከመንገድ ወጥቶ ወደ "እነሱና እኛ" ከሄደ፣ በተለይ ብሔርና ሃይማኖት ከተነካ፣ ስብሰባው ይበተን። በሌላ ቀን ይቀጥላል። በዚህች ከተማ የዚህን ዓይነት ነገር ዋጋ የማያውቅ የለም።

ድምፅ ሲሰጥ ሁለት ጊዜ ይሰጥ። መጀመሪያ፦ መንገዱ ለሞተር ተሽከርካሪ ማቋረጫነት ይዘጋ ወይ? ቀጥሎ፦ ለእግረኛ ክፍት ሆኖ የሚቀረው እንዴት ነው? ሁለተኛው ጥያቄ "እንዴት" ነው የሚለው፤ "ወይ" የለበትም።

አምስት፦ ክፍተቱን በሜትር ወስኑ

ብዙ ጥሩ ስምምነት የሚበላሸው እዚህ ነው። "ለእግረኛ ትንሽ በር ይተዋል" ተብሎ ይፈረማል። ብየዳ ቤቱ ትንሿን በር 60 ሴንቲ አድርጎ፣ ከታች 15 ሴንቲ ደፍ ጨምሮ፣ ሸንጎሮም ገጥሞ ያመጣታል። በወሩ ሸንጎሮው ላይ ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። እግረኛውም ተዘጋበት ማለት ነው።

ስለዚህ በር አትሥሩ። ምሰሶ ትከሉ።

ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ስፋቱ 1.3 ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ምሰሶ መካከል 1.1 ሜትር ንጹሕ ክፍተት ብትተዉ ባጃጁ አይገባም፤ ዊልቸር፣ የሕፃን ጋሪ፣ እንስራ ወይም ጀሪካን የያዘ ሰው ግን በደንብ ያልፋል። ሞተር ሳይክል ያልፋል፤ እሱን በምሰሶ ማስቆም አይቻልም፣ በጉብታ ነው የሚቀዘቅዘው። እንጨት ወይም ከሰል የጫነ አህያ የሚያልፍበት ከሆነ አህያይቱን አምጥታችሁ ከነጭነቷ ሞክሩ። ከጠበባት በግድግዳው በኩል ያለውን ክፍተት ወደ 1.2 አስፉት። ከዚያ በላይ ካስፋችሁት ባጃጁ ቀስ ብሎ መሞከር ይጀምራል።

የመሐሉ ምሰሶ ተነቃይ ይሁን። እሳት አደጋ መኪና ለመግባት ቢያንስ 3.5 ሜትር ይፈልጋል። አምቡላንስም አለ። ጀናዛ የተሸከሙ ሰዎች በግራና በቀኝ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ 1.1 ሜትር ላይ አስከሬን አዘንብሎ ለማሳለፍ መታገል ለማንም አይገባም። ተነቃዩ ምሰሶ መሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ላይ ተሰክቶ በአንድ ቁልፍ ይያዛል። ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል።

ሰንሰለት አትጠቀሙ። ማታ አይታይም። ሞተረኛ ይመታበታል፣ ዓይነ ስውር ይሰናከልበታል። ምሰሶውን ነጭ ወይም ቢጫ ቀቡት፤ ከላዩ አምፖል ይኑር።

ደፍ አይኑር። የግድ ከሆነ ተዳፋት ይሠራለት፤ ልኩ ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ከፍታ 120 ሴንቲ ርዝመት ነው። ከዚያ ያጠረ ዊልቸር የሚገፋውን ሰው ያንገዳግዳል።

አሁን ወደ ጎርፉ ልምጣ። የድሬን ሰፈር መንገድ ከሌላ ከተማ መንገድ የሚለየው ይህ ነው። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ከዚያ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወድቅ ውሃው ይመጣል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የሞተው ተኝቶ ሳለ ነው። ወንዙ ዳር ወይም ወደ ወንዙ በሚወርድ ተዳፋት ላይ ያለ ሰፈር መተላለፊያውን ሲዘጋ የሚዘጋው የማምለጫ መንገዱን ነው። ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ልጅ ታቅፎ፣ ቁልፍ የያዘውን ዘበኛ የሚፈልግ ሰው አስቡ። እንዲህ ባለ ቦታ የእግረኛ ክፍተት ላይ ምንም ዓይነት ቁልፍ መኖር የለበትም፤ ለድርድር አይቀርብም።

ውሃውም መንገድ ይፈልጋል። ብረት በር ከታች ድፍን ከሆነ ላስቲክና ቅጠል ይይዛል፣ ከዚያ ግድብ ይሆናል፣ ውሃውም የጎረቤት ግቢ ይገባል። ምሰሶ የተሻለበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። የውሃ መውረጃ ቦይ ላይ መሠረት አትጣሉ።

ብረት ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት በርሜል አሸዋ ሙሉና በተለካው ቦታ አቁሟቸው። ይህንንም ቢሆን ቀበሌው አውቆት ይሁን። አንድ ወር እዩት። በርሜል ማንሳት ቀላል ነው፤ ኮንክሪት ማፍረስ ግን ሌላ ጠብ ነው።

ስድስት፦ ቃለ ጉባኤውን እንዲህ ጻፉት

ስምምነት በቃል አይቀመጥም። ቤት ይሸጣል፣ ተከራይ ይቀየራል፣ ሰብሳቢው ይሞታል። የሚከተለውን እንደ መነሻ ውሰዱት፦

"እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎችና የአጎራባች ሰፈር ተወካዮች ተሰብስበን የሚከተለውን ተስማምተናል። መንገዱ ለሞተር ተሽከርካሪ ማቋረጫነት እንዳያገለግል ምሰሶ እንዲተከል እንጠይቃለን። ለእግረኛ ግን ቀንና ሌሊት፣ ያለ መታወቂያ፣ ያለ ጥያቄና ያለ ክፍያ ክፍት ነው። የእግረኛው ክፍተት ስፋት ከ1.1 ሜትር አያንስም፤ በር፣ ሰንሰለት ወይም ቁልፍ አይደረግበትም። የተነቃዩ ምሰሶ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ይቀመጣል፤ ከሦስቱ አንዱ ከላይኛው ሰፈር ነው። ስምምነቱ ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱም ወገን ባለበት ይገመገማል።"

"ያለ መታወቂያ" የሚለውን እንዳትቆርጡት። ዘበኛ ከተቀጠረ በኋላ "የት ነው የምትሄጂው?" መባል ይጀመራል። ለሠራተኛዋ፣ ለሊስትሮው፣ ለቆሎ ሻጩ ያ ጥያቄ ራሱ በር ነው።

ቃለ ጉባኤውን፣ የቆጠራውን ወረቀት፣ የካርታ ኮፒዎቹንና በእጅ የተሣለ ልኬት ያለው ንድፍ አያይዛችሁ ለቀበሌው አስገቡ። ግልባጭ ለከተማ ልማቱ ቢሮ፣ ለትራፊክ ፖሊስና ለእሳት አደጋ ይሁን። መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ያለበት ማኅተም የራሳችሁ ቅጂ ላይ ሳያሳርፍ አትውጡ። "ነገ ተመለሱ" ብትባሉ ነገ ተመለሱ፤ ከነቅጂያችሁ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ሰባት፦ ቀድሞ የተዘጋ ከሆነ

አንድ ጠዋት ስትነሱ መንገዱ ላይ ቆርቆሮ ቆሟል እንበል። መጀመሪያ ቀኑን የሚያሳይ ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ ያቆመውን ሰው በሽማግሌ አነጋግሩ። ብዙ ጊዜ ጥያቄው "ሞተር እንዳያልፍብኝ" የሚል ነው፤ በ1.1 ሜትርና በጉብታ ያልቃል። ሌሊት ሄዶ ማፍረስ ግን እናንተን ተከሳሽ ያደርጋል።

ሽምግልናው ካልያዘ በጽሑፍ ለቀበሌና ለደንብ ማስከበር አመልክቱ። የዘጋው ራሱ አስተዳደራዊ ውሳኔ ከሆነ ደግሞ በእጃችሁ አንድ መሣሪያ አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የድሬዳዋ አስተዳደርን አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። ውሳኔው ምክንያቱ ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ በተቋሙ የቅሬታ ሰሚ በኩል አልፋችሁ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት እንዲመረምረው ማቅረብ ይቻላል። ቀነ ገደብ ስላለው ደብዳቤው እጃችሁ በገባ ሳምንት ጠበቃ አማክሩ። ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለትም ይቻላል፤ ገንዘብ አይጠየቅም። ሐረር ያላችሁ ግን የክልላችሁን ሕግ ነው የምታዩት፤ 1183 የክልል ቢሮዎችን አይነካም።

ስምንት፦ ምሰሶው ከቆመ በኋላ

መጀመሪያ የሚበላሸው ቁልፉ ነው። ዘበኛ ሲቀየር ቁልፉን በፊርማ ያስረክብ። የሦስቱን ቁልፍ ያዦች ስልክ ምሰሶው ላይ በቀለም ጻፉት። በወር አንድ ጊዜ ምሰሶውን ነቅላችሁ መልሱ፤ አሸዋ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ይይዘዋልና። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቦዩን ጥረጉ።

ቀጥሎ የሚመጣው መስፋፋት ነው። መኪና ስለማያልፍ ቦታው ባዶ ይመስላል። አንዱ አሸዋና ብሎኬት ያራግፍበታል፣ ሌላው ጀበና ጥዶ ወንበር ይደረድራል። ቡናው ጥሩ ነው፤ ዓይን ይጨምራል። ብሎኬቱ ግን በሳምንቱ ይነሳ። ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር እድሩ ድንኳኑን መንገዱ ላይ መትከሉ አይቀርም፤ ማንም "አትትከሉ" አይልም። ድንኳን ተካዮቹ በግድግዳው በኩል አንድ ሜትር እንዲተዉና ገመዱን ከዚያ በኩል እንዳይወጥሩት አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በሦስተኛው ወር የግምገማው ስብሰባ ላይ ያንኑ ደብተር አውጡና በዚያው ሰዓት እንደገና ቁጠሩ። የእግረኛው ቁጥር ቀንሶ ከተገኘ የሆነ ነገር እየከለከለው ነው። ዘበኛው ሊሆን ይችላል፣ ጨለማው ሊሆን ይችላል፣ የታሰረ ውሻም ሊሆን ይችላል። መልሱን የምታገኙት ከሰፈሩ ነዋሪ ሳይሆን ዙሪያውን መሄድ ከጀመረችው ሴትዮ ነውና ቀፊራ ወርዳችሁ እሷን ጠይቁ።